ጨጓራዬ የራሴ ነው

እኔን የሚያውቅ ያውቀኛል። የማያውቀኝ ደግሞ ከየካ ተነስቶ ወደ ዳገቱ ሲወጣ ግራና ቀኝ ከሚያያቸው የድጋፍ ግንቦች ግማሹን ያቆምኩ ሰው መሆኔን ይወቅ። «ግማሹን» ስል ትንሽ አጋንኜ ይሆናል፤ ብዙ ግን አላጋነንኩም። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያውን ልሠራ ነው። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሲሆን ፕላን ማንበብ የተማርኩት መሐንዲሶች ምሳ ሲወጡ ጠረጴዛ ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ወረቀት እያገላበጥኩ ነው። አስተማሪ የለኝም። ስለዚህ «ሰው ያደረግኩህ እኔ ነኝ» የሚለኝም የለም።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ግንብ አይደለም፤ ስለ ሆዴ ነው። አትሳቁ። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁን የሠራሁት በሆዴ ነው።

ጊዜው ኢሕአዴግ ገብቶ ከተማው ሁሉ መቆፈር የጀመረበት ነው። መሪና አያት የሚባሉት ሰፈሮች ማሳ መሆናቸው እየቀረ በየቦታው ብረት ይተከል ነበር። እኔም አንድ የግል ሥራ ተቋራጭ ዘንድ አያት በኩል በፎርማንነት እሠራለሁ። ድርጅቱ ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን የመሥራት ሥራ ነበረው። የቦታው ፎርማን ጥሎ ሲሄድ ሥራው ተንገዋለለ። የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ኢንጂነር የምንለው ሰው፣ «ደምሴ ካልወጣ ይህ ጋን አያልቅም» አለና ሰደደኝ። ስለወደደኝ አልነበረም። እውነት ስለሆነ ነው።

ቦታው ተራራው ጎን ላይ የተቆረጠ ሜዳ ነው። በአንድ ጥግ ዕቃ የምናስቀምጥበትና ዝናብ ሲመጣ የምንጠለልበት የብረት ኮንቴይነር አለ። ወደ ታች የሚወስደው የመኪና መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም አንድ ጅረት ያቋርጣል። ጅረቱ ላይ ቱቦ ቀብረን አፈር ደልድለንበት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር አየሁ። እኛ የግንባታ ሰዎች እያንዳንዳችን ከቤት የያዝነውን ምሳ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ እንገለብጣለን። የአንዱ ሽሮ ከሌላው ምስር ይቀላቀላል፤ ምንም ያልያዘም ይጠጋል። አንድ ሰው ከእኛ አንዱ መሆኑ የሚታወቀው ሲቀጠር ሳይሆን ምሳው እዚያ ትሪ ላይ ሲገለበጥ ነው። በዚያን ቀን ሁሉም ትሪውን ከበው ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ወደ ባሕር ዛፉ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በካፊያ ውስጥ ብቻዋን ትበላ ነበር። ትርንጎ ትባላለች። የኮንክሪት ብረት፣ ፌሮ የምታስር፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ልጅ።

ኤልያስን ጠየቅሁት። ኤልያስ ከደቡብ የመጣ፣ በሥራ ላይ ሳለ መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ ክፉ የማይወጣው ግንበኛ ነው።

«ያቺ ልጅ ለምን ብቻዋን ትበላለች?»

«እንዲያው መርጣ ነው መሰለኝ ጋሼ።»

«ካፊያ ላይ ተቀምጦ መብላት የሚመርጥ ሰው አላየሁም።»

ኤልያስ አንገቱን ደፋ። እቴነሽ መለሰችልኝ። እቴነሽ አሸዋና ጠጠር የምታቀብል፣ የሰፈሩን ሁሉ ወሬ የምታውቅ ሴት ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጠይብ ናት» አለችኝ። «እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ገበያ ላይ ድስት ስትሸጥ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«አንቺ ገበያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ድስት ልገዛ ነዋ።»

«ገዛሽ?»

«ገዛሁ።»

«ታዲያ ወጡን በላሽበት?»

«ጋሼ ደግሞ! ድስት ሌላ፣ ዓይን ሌላ።»

ነገሩን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ካለ ልንገረው። ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችን ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል የሚል ወሬ ከጥንት ጀምሮ ይወራል። አንድ ሰው ከእነሱ ጋር በልቶ ሆዱን ካመመው «ተበላ» ይባላል። የሚድነውም በላች የተባለችው መጥታ እንትፍ ስትልበት ነው ይላሉ። እንትፍ ብላ ከተሻለው ደግሞ ቡዳ መሆኗ ተመሰከረ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ አይታጠብም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አናጢው በላይ መጣ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ አፉም ከመዶሻው አያንስም። «ጋሼ፣ ቁርጡን እንነጋገር። ወይ እሷ ትሂድ ወይ እኛ እንሂድ» አለኝ። በማግስቱ የጋኑ ግድግዳ ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ነበር። ኮንክሪት ሲሞላ አንድም እጅ መጉደል የለበትም፤ እሱም ይህን አውቆ ነው የመጣው። ነገሩ ኢንጂነሩ ጆሮ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ በፒክአፑ ከተፍ አለ።

«ደምሴ፣ ነገ ሙሌት አለብኝ» አለኝ ከመኪናው ሳይወርድ።

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷን በሰላም አሰናብታት።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። ችግሩ እሱ ነው። ምንም ስላላጠፋች እኔ ልነግራት አፍራለሁ። አንተ ግን ታውቅበታለህ። ዛሬ ሳትወርድ ጨርሰው።»

መስኮቱን ዘግቶ ቁልቁል ነዳ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ካሰናበትኳት ያለ ጥፋቷ እንጀራዋን ቆረጥኩ፤ ካቆየኋት ነገ ሙሌቱ የለም። እንዲህ ያለ ጥግ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጠቆረና በአንድ ጊዜ ወረደ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ። ሁላችን ወደ ኮንቴይነሩ ሮጥን። ዞር ብዬ ሳይ ትርንጎ ላስቲክ ደርባ ዛፉ ሥር ቆማለች።

«ነይ ግቢ!»

«እዚህ ይሻለኛል ጋሼ!»

«የሚሻልሽን አልጠየቅኩሽም፤ ግቢ!»

ገባች። እሷ ስትገባ ሌሎቹ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ተሰበሰቡ። ኮንቴይነሩ አንድ ነው፤ ግን በአንድ በኩል ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ በሌላው በኩል አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ፣ መሀሉ ባዶ ነበር። ትሪው ወጣ፤ ምሳው ተገለበጠ። ትርንጎ የራሷን ከነፌስታሉ ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልከፈተችውም።

የእሷንም ትሪው ላይ ገልብጡት ብዬ ማዘዝ እችል ነበር። ግን ሰው በትእዛዝ ይቆፍራል እንጂ በትእዛዝ አይውጥም። ስለዚህ አንድ የሲሚንቶ ከረጢት ጎትቼ ባዶውን አልፌ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምን ይዘሻል?»

«ሽሮ ነው ጋሼ። ስንግ ቃሪያም አለ።» ከዚያ በሹክሹክታ «ለእኔ ብለው ከሆነ ይተዉት» አለችኝ።

«ላንቺ ማን አለሽ? ርቦኝ ነው።»

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ያኔ ጨጓራ ከያዘኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሐኪሙም «ቃሪያ ካየህ መንገድ ቀይር» ብሎኛል። በሽንኩርት የተሞላው ያ ቃሪያ ግን ያብረቀርቃል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ያየኛል። አንዱን ርቦኝ በላሁ። ሁለተኛውን ለልጅቷ ብዬ በላሁ። ሦስተኛውን ለበላይ ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ በላሁ።

«ጋሼ፣ ኑዛዜ አለዎት?» አለ በላይ። ጓደኞቹ ሳቁ።

«አለኝ። ለአንተ መጥረቢያዬን አውርሼሃለሁ፤ ያንተው ስለማይቆርጥ።»

ኤልያስ ጅረቱን ሊያይ ወጥቶ ነበር፤ ከአናቱ እስከ እግሩ በስብሶ ተመለሰ። «መሻገሪያው የለም» አለ። «ቱቦውን ነቅሎ ወስዶታል። ውኃው ወገብ አልፏል።» መውረጃ አልነበረንም። ውኃው እስኪጎድል እዚያው መቀመጥ ብቻ ነው። ያኔ ሞባይል ያለው ኢንጂነሩ ብቻ ነበር፤ የሚጠራም የሚሰማም የለም። የኮንቴይነሩን በር ነፋስ እያንቋቋው ስላስቸገረን ከውስጥ በሽቦ አሰርነው። በረዶው ጣሪያውን ሲደበድብ ለመነጋገር መጮህ ያስፈልግ ነበር።

ሕመሙ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ቦታ ሞቀኝ። ቀጥሎ አንድ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ምስማር መምታት ጀመረ። ኪኒኔን በኪሴ ፈለግኩ፤ ትናንት በለበስኩት ሱሪ ውስጥ ቀርቷል። ቀና ስል ሁሉም ያዩኛል። እየሰሙ፣ እየበሉ፣ እያወሩ ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትም ይህንኑ ነበር። ትንሽ ፊቴን ካኮማተርኩ ያለቀለት ነገር ነው።

ስለዚህ ማውራት ጀመርኩ። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ስለ ሠራኋቸው ግንቦች፣ ስላረምኳቸው መሐንዲሶች፣ በአንድ ክረምት ብቻዬን ስላዳንኩት ድልድይ አወራሁ። ያን ቀን ያወራሁትን ያህል ስለ ራሴ አውርቼ አላውቅም፤ ይህን የምለው እኔ መሆኔን ልብ በሉ። ምስማሩ በየዐረፍተ ነገሩ መሀል ይመታል።

«ጋሼ፣ ላብ ነው እንዴ?» አለ በላይ።

«ጣሪያው ያፈሳል።»

«ኮንቴይነር እኮ ነው። አያፈስም።»

«እኔ ጋ ያፈሳል አልኩህ።»

ሰረቅ አድርጌ ትርንጎን አየኋት። እሷ አላየችኝም። ከበላሁ ጀምሮ ዓይኗን ከወለሉ ላይ አላነሳችም። ዓይነ አፋር መስላኝ ነበር፤ ቆይቶ ገባኝ። እኔ ከወደቅኩ «አይታው ነው» እንዳትባል እኔን ከማየት ተከልክላ መቀመጧ ነው። በሩ የታሰረው በሽቦ ነው፣ መንገዱን የዘጋው ውኃ ነው፤ እሷን ያሰራት ግን የእኔ ሆድ ነው። ሆዴ ውስጥ ሁለት ሰው ታስረን ነበር።

ከዚያ ምስማሩ መምታቱን ትቶ መገዝገዝ ጀመረ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ ሳላስበው ጎንበስ አልኩ፤ አንድ ድምፅም ከአፌ አመለጠ። ትንሽ ድምፅ ነበር። ከበረዶው በላይ ግን ሁሉም ሰማው።

«በላችው!» ብላ ጮኸች እቴነሽ። «እኔ ብያለሁ! በላችው!»

ሁሉም ተነሱ። በላይ ባዶውን ቦታ በሁለት እርምጃ አልፎ ትርንጎ ፊት ቆመ። «ተነሺ! እንትፍ በይበት!»

አልተነሳችም።

«ይሞታል እያልኩሽ ነው! አንድ ምራቅ ነው፤ እንትፍ በይና ልቀቂው!»

ኤልያስ መሀል ገባ። «በላይ፣ እጅህን ሰብስብ። እኔ ልጸልይ።»

«ለማን?» አልኩት እንደታጠፍኩ።

«ለእሷ ጋሼ። መንፈሱ እንዲለቃት።»

ከሁሉም ደጉ እሱ ነበር። እሱም ቢሆን ከውስጧ የሚያወጣው ነገር ነበረው።

ያን ጊዜ ትርንጎ ተናገረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እንትፍ ብልበትና ቢሻለው ነገ ምን ትሉኛላችሁ?»

«ምንም አንልሽም። ትሄጃለሽ፣ በቃ» አለ በላይ።

«ባይሻለውስ?»

በላይ ወደ ሌሎቹ ዞረ። 

እውነቱን ልንገራችሁ። ሕመሜን አውቀዋለሁ፤ ጥቂት ሰዓት አሠቃይቶኝ ራሱ ይተወኛል። እንትፍ ብትልብኝም ይተወኛል፣ ባትልብኝም ይተወኛል። ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር በአንድ ምራቅ ያልቅ ነበር። እኔ እድናለሁ፣ እነሱ ይረጋጋሉ፣ ነገ ሙሌቱ ይሞላል፣ ኢንጂነሩም ያመሰግነኛል። ከዚያ ጥግ መውጫ በር ነበረ፤ በሩ ግን የሚከፈተው በልጅቷ ላይ ነው።

በላይ ክንዷን ይዞ ሊያስነሳት ጎተታት። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«እጅህን!» አልኩት። «አዎ፣ አሞኛል። ደብቄያችሁ ነበር፤ አሁን አልደብቅም። ጨጓራዬ ነው። ይህችን ልጅ ሳላውቃት የጀመረኝ፣ ሐኪም ቃሪያ የከለከለኝ ጨጓራዬ! ሦስት ቃሪያ በላሁ። ማን አጎረሰኝ? የገዛ እጄ። ጨጓራዬ የራሴ ነው፤ ለማንም አልሰጥም!»

በላይ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ? ይኸው፣ ይህንንም እያስባለችው እሷ ናት።»

ይህ ቃል ከሕመሙ በላይ መታኝ። ያኔ ሃምሳን አልፌ ነበር፤ እስከዚያች ቀን «ደምሴ ይህን አለ» ከተባለ ደምሴ አለ ማለት ነው። አሁን ግን በገዛ አፌ የተናገርኩት የእኔ መሆኑ ቀረ። ብክድም እሷ ናት፣ ባምንም እሷ ናት፣ ባቃስትም እሷ ናት። ምንም ብል የማልወጣበት ክፍል ውስጥ ገባሁ። እሷ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ተወልዳ ነው ያደገችው።

በክርክር እንደማይሆን ገባኝ። የቀረኝ አንድ ነገር የፎርማንነት ሥልጣኔ ነበር፤ እሱን አወጣሁት።

«ስሙ» አልኩ፣ ግድግዳውን ተደግፌ። «እንትፍ የሚልብኝ የለም። የሚጸልይም ካለ ለእኔ ይጸልይ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ። እስኪሻለኝ ድረስ እታመማለሁ፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁ ታዩኛላችሁ። ከሞትኩ፣ በላይ፣ ደምሴን ቃሪያ ገደለው ብለህ ለኢንጂነሩ ትነግረዋለህ። ይህችን ልጅ የነካ ሰው ግን ከእኔ ጋር አይሠራም። እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ። ጋኑን የሚጨርስላችሁ ፈልጉ።»

ከዚያ ቁጭ አልኩና ማቃሰት ጀመርኩ። እንደ ልቤ! ከዚያ በፊት ውጬው የነበረውን ሁሉ አወጣሁት። ያን ያህል ኮርቶ ያቃሰተ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ በየማቃሰቱ ይደነግጡ ነበር። ደግሞ እየቆየ ሲሄድ ድንጋጤው አለቀ። የሰው ማቃሰት ሲደጋገም ምን ያህል የሚያሰለች ነገር እንደሆነ አታውቁም። ኤልያስ ኮቱን አውልቆ ደረበልኝ። «ምን ይሻልዎታል ጋሼ?»

«ወተት።»

«ወተት እዚህ ከየት ይመጣል?»

ያን ጊዜ እቴነሽ ጫፍ ላይ ሆና ሳታስበው «ደረቅ ዳቦ ነው የሚሻለው» አለች። ከቦርሳዋ ቁራሽ ዳቦ አወጣች። «ትንሽ ትንሽ እያሉ ያኝኩት። ባሌንም እንዲህ አጥፎ ነው የሚጥለው፤ እንዲህ አድርጎ፣ ልክ እዚህ ጋ።»

ዳቦውን ተቀበልኩ። «ባልሽን ማን በላው?» አልኳት።

  ጥያቄውን ያነሳሁት ለነገር አልነበረም፤ ግን እዚያ መሀል ላይ ተንጠለጠለ። እቴነሽ ወደ ትርንጎ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ እንደገና ወደ ትርንጎ አየች።

«የሚጋተው ጠላ» አለች በመጨረሻ።

አንዱ የቀን ሠራተኛ ሳቀ። ኤልያስ ሳቁን ሊያፍን አፉን ያዘ፤ አልቻለም። ትርንጎም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። በላይ ብቻ አልሳቀም።

ወደ ማምሻው ዝናቡ አባራ፣ ውኃውም ጉልበት ድረስ ጎደለ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። እኔ የትርንጎን አንድ እጅ ያዝኩ። ሌላኛው እጇ ባዶውን ቀረ፤ ከዚያ ኤልያስ መጣና ያዘው። በላይ ብቻውን ከላይ በኩል ልሻገር ብሎ አንድ ጊዜ ተንሸራትቶ ጭቃ ለብሶ ወጣ።

በባሕር ዛፉ መሀል ስንወርድ ሕመሙ ለቆኝ ነበር። ትርንጎ ከጎኔ ትሄዳለች። ምስጋናዋን እየጠበቅኩ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ጨጓራ እንዳለብዎት እያወቁ ሦስት ቃሪያ ለምን በሉ?»

«ላሳያቸው ብዬ ነዋ!»

«እኔን ሳይጠይቁ?»

ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ለሌላ ጥያቄ ነበር።

«እርስዎ ሲድኑ ጀግና ነዎት» አለችኝ። «ቢብስብዎት ኖሮ የምደበደበው እኔ ነበርኩ። አንድ ሽሮ ብቻ ይበቃ ነበር ጋሼ።» ትንሽ ሄደችና ደግሞ «ግን በኋላ ያሉት ነገር፣ የራሴ ነው ያሉት፣ እሱ ጥሩ ነው። እንዲያ ብሎልኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለች።

አስተማሪ የለኝም ብያችሁ ነበር። አንድ አለችኝ።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ገና ሳይመጣ መንገድ ላይ ጠበቅኩት።

«ጨረስከው?» አለኝ።

«ጨረስኩት። ልጅቷ ትቆያለች።»

«ሰዎቹስ?»

«የሚሄድ ይሂድ።»

«ሙሌቱስ ደምሴ?»

«ሙሌቱ ይጠብቃል።»

«ይህን የሚለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬውኑ አባርረው ነበር።»

«ለዚህ እኮ ነው እኔ የምናገረው ኢንጂነር። ሊባረር የሚችለውማ እንዴት ይናገራል?»

 ከዚያ መሪውን ዞር አድርጎ ሄደ። ሁለት ሠራተኞች ጥለውን ሄዱ፣ ሙሌቱም ዘገየ፤ ጋኑ ግን አለቀ። አለቀ ብቻ አይደለም፣ አንድ ጠብታ አያፈስም፤ ሄዳችሁ እዩት።

አሁን ለእናንተ ልናገር፤ ወንበር ላላችሁ፣ ስማችሁ ተጠርቶ ሰው ለሚነሳላችሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ምሳውን ለብቻው የሚበላ ሰው አለ። በዘሩ ይሁን በሃይማኖቱ፣ በአካሉ ይሁን በእናቱ ሥራ፣ አለ። እናንተ ለእሱ ያላችሁ ትልቁ ነገር ደግነት አይደለም፤ ደግነትማ ኤልያስም ነበረው። ስትናገሩ አለመባረራችሁ ነው። ያንን አውጡና አውሉት። ስታውሉት ግን ሰውየውን አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ዕዳው የሚወድቀው እሱ ላይ ነውና። ደግሞም ስትታመሙ፣ ስትሳሳቱ፣ ሥራ ሲበላሽባችሁ «የራሴ ነው» በሉ። ለእናንተ ቀላል ቃል ናት። ሰበብ ሲፈለግ ሁልጊዜ ዓይን ለሚያርፍበት ሰው ግን ከብዙ ንግግር ትበልጥበታለች።

የበላይን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ቅር ይለኛል።

የትርንጎ ምሳ ትሪው ላይ የተገለበጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቀድማ የገለበጠችው እቴነሽ ናት፤ ፌስታሉን ከእጇ ነጥቃ። በላይ ጥቂት ቀን ዛፉ ሥር ብቻውን ሄዶ በላ። ከዚያ ጉንዳኑ ነው ብርዱ ነው እያለ ተመልሶ ከትሪው በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ፤ ከፊቱ ብቻ እየቆረሰ ይበላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን እየበላን ሳለ በላይ በድንገት ሆዱን ያዘና ጎንበስ አለ። ፊቱ ወዝ አወጣ። እጆች ሁሉ ትሪው ላይ ቆሙ። ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሄደ። ትርንጎ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች፣ ዓይኗንም ወደ መሬት ጣለች። እኔ ልነሳ ስል ኤልያስ ጉልበቴን ያዘኝ።

በላይ ቀና አለ። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። እሷንም አያት።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ትናንት የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ አብዝቼ ነው። ሰው ሆዱን አያመውም?»

ደግሞ ወደ ትርንጎ ዞሮ በቁጣ «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው ያቆምሽው? ብይ እንጂ፣ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነው» አላት።